ተጠባባቂው

ሰባት ቀን ለካሁኝ፣ በመቆንጠጫ ሜትር፣
እያንዳንዱን ገመድ፣ እያንዳንዱን ሞተር፤
ማራገቢያው ስንት? ማሞቂያው ስንት በላ?
ከሌሊቱ ስድስት፣ ከንጋትም ኋላ፤
የአምፔሩን ቁጥር በልጄ እርሳስ ጽፌ፣
አንድ ሌሊት እንኳን ሳልተኛ አርፌ።

ቅርያት ጋት ነው ቦታው፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣
ሻራቭ ሲነፍስበት ሰማዩ 'ሚሆን አፈር።
ጫጩት እንፈለፍላለን፦ ስልሳ ሺህ እንቁላል
በብረት ሣጥን ውስጥ ቀኑን ይጠብቃል።
እናት የለችበትም፤ እናቱ ገመድ ናት፣
ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው የክንፏ ሙቀት።

ዑዚኤል አለቃዬ ጠራኝና ማታ
"አስረስ፣ አንተ ምረጥ" አለኝ በዝግታ፤
"ያለፈው ሚያዝያ እንዳይመጣ ዳግም፤
ገንዘቡን ፈቅጃለሁ፣ ዋጋ አልከራከርም።"
ስለዚያ ሚያዝያ እኔ ምንም አላልኩም።

ቀድሞ ሊሮን መጣ፣ ጫማው መስታወት፣
ከጫማው የባሰ የሚያበራ ወረቀት፤
"አምስት መቶ ኬቪኤ! ከተማ ያበራል!
ትልቅ የገዛ ሰው ተኝቶ ያድራል።"

አባቴ ትዝ አለኝ፣ የበቅሎ ነጋዴ፣
አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ይዞኝ ወርዶ አንዴ፦
"ሸክምህን ሳትመዝን አትመልከት ጥርሷን፣
ጭነት ያጣች በቅሎም ታበላሻለች ራሷን።"

ናፍጣም ጠባዩ ያው። ግዙፉን አምጥተህ
ለአመል ያህል ጭነት ብቻ ካሸከምህ፣
ያልተቃጠለው ነዳጅ ጉሮሮው ላይ ይቀራል፣
ጥቀርሻ እየተፋ፣ ሳይሠራ ያረጃል።
ትንሹስ? እሱ ደግሞ ገና ሲንደረደር፣
ማቀዝቀዣው ሲነሣ ስድስት እጥፍ ሲበደር፣
መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሞተሩ ይንበረከካል፤
ዋጋው ረክሶ ነበር፤ ርካሽም ያስከፍላል።

ቫዲም ግን ሲመጣ ምንም አልዘረጋ፣
ማርካ አልጠራልኝም፣ አልጠራም ዋጋ።
ቆሞ ጠየቀኝ እንጂ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣
(የኔም ከሱ አይሻል፤ ተግባባን ስብርባሪው ውስጥ)
"የቱ ነው ቀድሞ 'ሚነሣ? የቱ ቆሞ ይጠብቃል?
ናፍጣው ስንት ሰዓት ያዘልቃል? ጭሱስ በየት ይወጣል?"
ከዚያ ቀና ብሎ ዐይን ዐይኔን እያየ፣
"አሮጌው ጄኔሬተርስ ምን ሆኖ ተለየ?"

ዝም።

የከዳችው ባትሪ ናት፣ የጫማ ሣጥን የምታህል፣
ዋጋዋም የሊሮንን አንድ እግር ጫማ የማያክል።
በመጋቢቱ ቅጽ ላይ፣ "ተፈትኗል" ከሚለው
ጎን ያለው ፊርማ
የእኔ ነው።
አልፈተንኩም። ልጄ ኦርታል ለጦሩ የማለች ለት
አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ፣ ቁልፍ ከማዞር ፊርማ ቀለለኝ የዚያን ሰዓት።

በወሩ መብራት ሄደ። ሃምሳ ደቂቃ ብቻ።
መጀመሪያ ብዙ ምንቃር ቅርፊቱን ያንኳኳ ነበር፤
ከዚያ ጥቂት።
ከዚያ የእኔ ልብ ብቻ።

ለቫዲም ነገርኩት፣ ለማንም ያልነገርኩትን።
አልገሠጸኝም። አገላበጠ ደብተሬን፤
"ሁለት መቶ ሃምሳ ይበቃሃል" አለ፣ "ሰባ በመቶ ጭነህ።
ባትሪ ግን ሁለት ይኑርህ።
እኔ ብረት ነው የምሸጠው፤
በየሳምንቱ የሚያስነሣውን ሰው አልሸጥልህም።"

ለዑዚኤልም ነገርኩት። እስከ ምሳ ዝም አለ፤
ከዚያ ግዢውን ፈረመ፣ ፊቴን ግን ሳያይ ዋለ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣
ዋናውን ማብሪያ እጥላለሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ እቆጥራለሁ።
ስድስት ላይ ያስላል። ስምንት ላይ ያጓራል።
ሸክሙን ይቀበላል፤ ግማሽ ሰዓት ይሠራል።
ጆሮዬን ከሣጥኑ በር ላይ እለጥፋለሁ፦
ያንኳኳሉ።

ቅጹን አወጣለሁ። ሰዓቱን እጽፋለሁ።
ድሮ ፊርማዬ አንድ ጭረት ነበር፤
አሁን፣ በዕብራይስጡ መስመር ላይ፣
በፊደል ነው፣ ሙሉ ስሜን፣
ከነአባቴ።